አንድ ክፍል ቤትና ደጁ

«ስቱዲዮ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ፎቶ ቤት ሆኖ ነው፤ ለበዓል አዲስ ልብስ ለብሰን፣ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለን የቆምንበት ቤት ማለት ነው። ቀጥሎ የዘፈን መቅረጫ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ነው። ከዚያ ወዲህ «ስቱዲዮ ደረሰኝ»፣ «ባለ አንድ መኝታ ደረሳት» የሚለው የየቤቱ ወሬ ሆነ። እዚህ ካርቱም ያለነውም የዕጣውን ዜና በስልክ እየተቀባበልን ስንሰማ ኖረናል። በትውልድ አገሩ በጣሊያን ግን ቃሉ የሚያጠኑበትን ክፍል ያመለክት ነበር፤ ትጋትና ጥናት የሚል ፍቺ ካለው «ስቱዲዩም» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።

ከወላጆቹና ከእህት ወንድሞቹ ጋር በአንድ ክፍል ለሚኖር ተማሪ ይህ ትርጉም ቀልድ ሊመስለው ይችላል። አልጋው፣ ምድጃው፣ ቴሌቪዥኑና የታናሽ እህት ልቅሶ ሁሉ ባለበት ክፍል ውስጥ ማጥኛው የቱ ጋ ነው? በአል-ጣኢፍና በዙሪያው ካሉት የትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ስለሆነ ለዘንድሮው መጽሔት ይህን ርእስ መረጥሁ። ወላጆች አይቀየሙኝ፤ የምጽፈው ስለ ቤት አሠራር እንጂ ስለ ማንም ኪስ አይደለም። በትልልቆቹ የዓለም ከተሞች ሐኪሙም መሐንዲሱም በአንድ ክፍል ይኖራሉ። መጠየቅ ያለበት አንዱ ክፍል ሰውን አሳርፎ ሲያኖር፣ በስፋት የሚተካከለው ሌላው ክፍል ለምን እንደሚያስጨንቅ ነው። እኔ እንደማየው መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከክፍሉ ውጭ፣ ደጁ ላይ ነው።

ጎጆም አንድ ክፍል ነበረች

የአያቶቻችን ጎጆ አንድ ክፍል ናት። ከመካከል ምሰሶ፣ በግድግዳው ጥግ መደብ፣ ገባ ብሎ ጓዳ፣ ከፍ ብሎ ቆጥ አላት። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ምድጃው ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ያበራል። በብዙ ስፍራ ጥጃውም እዚያው ያድራል። ዛሬ የቤት ዕቃ ሻጮች «አንድ ዕቃ ለሁለት አገልግሎት» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚያስተዋውቁትን ነገር የመደብ ሠሪው ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ይሁን እንጂ ጎጆዋ ብቻዋን ቤት አልነበረችም። እህሉ በጎተራ፣ ከብቱ በበረት፣ ልብስ የሚታጠበው በወንዝ ዳር፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው በዛፍ ጥላ፣ ልጅ የሚጫወተው በሜዳ ነው። ወደ ጎጆዋ የሚገባው ሲመሽ፣ ሲዘንብና ሲታመሙ ነበር። የጎጆዋን ወለል ብቻ ለክቶ «ይህ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህን ያህል ካሬ ሜትር ነው» የሚል ሰው የቤቱን ትልቁን ክፍል ሳይለካ ሄደ ማለት ነው። ወደ ከተማ ስንመጣ የሆነውም ይኸው ነው፤ ክፍሉ አብሮን ሲመጣ ደጁ ቀረ።

ከቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ አስተዳደር ተሰጡ፤ «የቀበሌ ቤት» የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበረ የገባ ሰው አይለቅም። ልጅ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያገባና እዚያው በመጋረጃ ማዶ ይኖራል። ክፍሉ ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለ ወደ ላይ ሰፋ፤ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ተሠርቶ ልጆች በመሰላል እየወጡ ተኙበት። ውኃ ከቦኖ ይቀዳል፤ መጸዳጃው የጎረቤት ሁሉ ነው። ንጽሕናውና የጣሪያው ፍሳሽ የሚያስመርር ነበር፤ ያንን ኑሮ ማሞካሸት አልፈልግም። ነገር ግን ጠባብም ብትሆን ግቢ ነበረች። ልብስ ይሰጣባታል፣ ቡና ይፈላባታል፣ ልጅ ደብተሩን ይዞ በርጩማ ላይ ይቀመጥባታል።

ኮንዶሚኒየም የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ የአነስተኛ ወጪ ቤት አሠራር ከተጠና በኋላ በቦሌ ገርጂ ሙከራው ተገነባ፤ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመንም ሥራው በከተማው ሁሉ ተስፋፋ። ሊፍት እንዳያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ በአራት ፎቅ ተወሰኑ። ቤቶቹ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብለው ተከፈሉ። «20/80» የተባለው 20 በመቶ በቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው 80 በመቶ የባንክ ብድር ስለሆነ ነው። በኋላ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑት የታሰበው «10/90» የሚሰጠው ቤት ስቱዲዮ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በዕጣው ለሴቶች 30 በመቶ ተለይቶ ተይዟል። ይህ በብዙ ቤት የእናትን ስም በካርታ ላይ ያሰፈረ ውሳኔ ነው፤ ከሚገባው በታች የተወራለት ይመስለኛል።

ስቱዲዮው ወደ 20 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ እንደየሳይቱ ከዚያ ያነሰም ከዚያ የበለጠም አለ። ከቀበሌ ቤት ጋር ሲነጻጸር የራሱ መጸዳጃ አለው፣ ውኃ በቧንቧ ይገባል፣ ጣሪያው አያፈስስም። አንዳንዶቹ የስቱዲዮ ነዋሪዎች ግን ከቀድሞው ይልቅ እንደጠበባቸው ይናገራሉ። ይህ አነጋገር ምስጋና ቢስነት መስሎ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን የሚያማርሩት እውነታቸውን ነው እላለሁ።

ምክንያቱን ለማየት «ኮሚናል» የሚባለውን የጋራ ሕንፃ እንመልከት። ንድፍ አውጪዎቹ አበሻ በ20 ካሬ ሜትር ውስጥ እንጀራ እንደማይጋግር፣ በግ እንደማያርድና ብርድ ልብስ እንደማያጥብ አውቀው ነበር። ስለዚህ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን ለመጋገሪያ፣ ለማጠቢያና ለማረጃ የሚሆን ዝቅ ያለ ሕንፃ አሰቡ። ስቱዲዮው ትንሽ መሆን የቻለው ይህ ሕንፃ ከጎኑ ስላለ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተነደፉ ናቸው። በብዙ ሳይት ግን ኮሚናሉ ሱቅ ሆኖ ተከራየ፣ ወይም ቢሮ ሆነ፣ ወይም ተቆልፎ ቀረ። ያን ጊዜ ምጣዱ ደረጃውን ወጥቶ 20 ካሬ ሜትሩ ውስጥ ገባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ይስባል፤ እንፋሎቱም አልጋ ልብሱንና ግድግዳውን ያረጥባል። በርበሬው በረንዳ ላይ፣ ከሰሉ ኮሪደር ላይ፣ ጀሪካኑ ደረጃ ሥር ሆነ።

ነዋሪው በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ደጁን በራሱ መንገድ መልሶ ሠራ። በሮች ተከፍተው ኮሪደሩ ላይ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ከየቤቱ በርጩማ ይዞ ይመጣል። ለሠርግም ለሐዘንም በብሎኮቹ መካከል ድንኳን ይተከላል፤ ዕድሩ ተቋቁሟል። በሕግም ቢሆን ደጁ የነዋሪው ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት አንድ ስቱዲዮ ያለው ሰው ከክፍሉ ሌላ በደረጃው፣ በጣሪያውና በግቢው ላይ የጋራ ባለቤትነት አለው። ኮሚናሉን የሚያከራይ ኮሚቴ የሚያከራየው የሁሉንም ሰው ማድ ቤት ነው፤ ገቢው ለጥበቃና ለጽዳት ቢውል እንኳ ነዋሪው ምን እንደሰጠ ማወቅ አለበት።

ሌሎች አገሮች የሞከሩት

በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤቶች አንድ ማድ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር፣ ማለትም 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሴትየዋ ከመንደፏ በፊት የቤት እመቤት ከምድጃ ወደ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ወደ መደርደሪያ የምትሄደውን እርምጃ ለካች፤ በባቡር ላይ ያለውን የምግብ ቤት ማድ ቤትም ተመለከተች። እንዲህ ያለው ማድ ቤት ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ገባ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ከግድግዳ ጋር የተያያዘው ካቢኔ ከዚያ የተወለደ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ካቢኔው ሳይሆን የሥራዋ ቅደም ተከተል ነው፤ በመጀመሪያ የሰውን ሥራ ለካች፣ ግድግዳውን ያቆመችው ከዚያ በኋላ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋን ብትለካ ኖሮ ለምጣዱ፣ ለሊጥ ዕቃውና ለመሶቡ ሌላ ስፋት ታወጣ ነበር።

በቶኪዮ ደግሞ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው «ናካጊን» የተባለ ሕንፃ በ1972 እ.ኤ.አ. ተሠራ። 140 ክፍሎች እንደ ሣጥን ተደራርበው የተሰቀሉበት ነበር። እያንዳንዱ ክፍል 10 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን አልጋ፣ መታጠቢያና አንድ ክብ መስኮት ነበረው፤ ማድ ቤት አልነበረውም። ቢሮው ሩቅ ለሆነበትና የሥራ ቀናትን ከተማ ውስጥ ለሚያድር ነጋዴ የታሰበ በመሆኑ ሰውየው የሚበላው ከታች፣ መንገዱ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ነው። ማድ ቤቱ ከተማው ነበር ማለት ይቻላል። ሕንፃው አርጅቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈርሷል። በሆንግ ኮንግ ደግሞ አንዱ አፓርታማ በግድግዳ እየተቆራረጠ ለየብቻ ይከራያል፤ በእንዲህ ያለው ክፍል ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። በሆንግ ኮንግ ያለው ክፍል ከቶኪዮው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የቶኪዮው ሰው ቅዳሜ የሚመለስበት ሌላ ቤት ያለው መሆኑ ነው።

ወለሉን እናስላ

ለሂሳብ ተማሪዎች አንድ ልምምድ ይኸውና። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። አምስት ሰው ይኖርበታል። አሁን ወለሉን የያዘውን ዕቃ እንቀንስ። የወላጆች አልጋ 1.40 በ1.90፣ ማለትም 2.66። ተደራራቢ የልጆች አልጋ 0.90 በ1.90፣ ማለትም 1.71። ቁም ሣጥን 0.72። ምድጃና የዕቃ መደርደሪያ 0.90። ጠረጴዛ 0.60። ፍሪጅ 0.36። የውኃ በርሜል 0.25። በሩ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታም ዕቃ አይቀመጥበትም፤ እሱ 0.81 ይሆናል። ድምሩ 8.01 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 2.4 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል።

ይኸው ቤተሰብ ኪራይ ሲወደድበት 4 ሜትር በ3 ሜትር ወደሆነ ክፍል ተዛወረ እንበል። ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። አልጋው፣ ፍሪጁና በርሜሉ ግን አልቀነሱም። 8 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 4 ይቀራል፤ ለአንድ ሰው 0.8 ካሬ ሜትር፣ አንድ ካሬ እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፤ ክፍሉ የቀነሰው በ40 በመቶ ሲሆን ሰው የሚንቀሳቀስበት ወለል ግን በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። «ትንሽ ጠበብ ይላል እንጂ ያው ነው» የሚል ደላላ ሲያጋጥማችሁ ይህን ስሌት አስታውሱ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰው ሠፈራ ድርጅት፣ ዩኤን-ሀቢታት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ሲኖር ቤቱን «የተጨናነቀ» ይለዋል። ይህ መለኪያ ጠቃሚ ነው፤ ግን ከደጃፍ ወዲያ ያለውን አይቆጥርም።

የካርቱም ክፍል በወቅት ይሰፋል፣ ይጠባል

የካርቱም ሰው የደጅን ጥቅም ከእኛ በላይ ያውቃል። እንደ አል-ዴም ባሉት ነባር ሰፈሮች ቤት ማለት በአጥር የተከበበ ሆሽ ሲሆን ክፍሎቹ በሆሹ ጥግ ይሰለፋሉ። በገመድ የተጠለፈው አንገሬብ ሲመሽ ወደ ሆሹ ይወጣል፤ የውኃው ዚር በጥላው ይቀመጣል። ከሚያዝያ ጀምሮ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ግድግዳውና ጣሪያው ፀሐይዋን ሲጠጡ ይውሉና ሌሊቱን መልሰው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ውጭ ማደር ባህል ብቻ አይደለም፤ ፊዚክስም ነው።

ፎቅና ቪላ በሚበዛበት በአል-ጣኢፍ ግን አብዛኛዎቻችን የምንከራየው በግቢ ጥግ ያለችውን ክፍል ወይም ጣሪያ ላይ የተሠራችውን ነው። የጣሪያዋ ክፍል ቀን እንደ ምጣድ ትግላለች፤ ሲመሽ ግን ጣሪያው ሁሉ የእርሷ ደጅ ነው። የግቢዋ ክፍል ቀዝቀዝ ትላለች፤ ግቢው ግን የአከራዩ ስለሆነ አንገሬብ ማውጣት በፈቃድ ነው። እንግዲህ ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ክፍሎች እኩል ቤት አይደሉም። ሀቡብ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ውስጥ ገብተን በሩን በጨርቅ እንወትፋለን፤ ያን ቀን የሁሉም ክፍል ትክክለኛ ስፋቱ ይታወቃል። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ግቢውን ሲዘጋው የሚሆነውም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ክፍል ለመከራየት ስትሄዱ ስፋቱንና ኪራዩን ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ። ሆሹን ወይም ጣሪያውን ማታ መጠቀም ይፈቀዳል? የቧንቧውና የመጸዳጃው ተጋሪዎች ስንት ናቸው? ልብስ የሚሰጣው የት ነው? ልጅ ውጭ ቢጫወት ባለቤቱ ይቆጣል? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አይታችሁ የወደዳችሁትን ክፍል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እዩት፤ በዚያ ሰዓት የጣሪያውን ሙቀት በእጃችሁ ትለኩታላችሁ። ስምምነቱን ከመግባታችሁ በፊት፣ ከተቻለ አረብኛ በሚጽፍ ሰው፣ በወረቀት ማድረጉ ይመረጣል።

ስለ አየር አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ

እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ነገሩ ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ብዙ ሰው ከሰሉ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ፍሙ ግን ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከተኛ ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አደጋው በካርቱም የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ቀዝቃዛ ሌሊቶች፣ መስኮት ሲዘጋ ነው። ቡናው ካለቀ በኋላ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ለማሞቂያ ብሎ ከሰል አስገብቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣና ወደ ሐኪም ይሂድ።

በውኃ የሚሠራውን ሙከይፍ በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ያበራዋል። መሣሪያው ከውጭ አየር ስቦ፣ በረጠበ ገለባ ውስጥ አሳልፎ ወደ ክፍሉ ይገፋል። የገባው አየር የሚወጣበት ከሌለው ክፍሉ እየረጠበ ይሄድና ማቀዝቀዙ ይቆማል። ስለዚህ ከመሣሪያው ፊት ለፊት ያለው መስኮት ጥቂት ገርበብ ይበል። የጋዝ ማቀዝቀዣው ግን በተቃራኒው ነው፤ ያንን ስታበሩ ዝጉ፣ ስታጠፉ ደግሞ ክፍሉን አናፍሱ። ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል አየር ካልተለዋወጠ የሳንባ ነቀርሳና ጉንፋን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል።

ማጥኛው የት ይሁን?

ወደ ቃሉ ትርጉም ልመለስ። በአንድ ክፍል ውስጥ ለጥናት የተለየ ቦታ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ የተለየ ሰዓት ማውጣት ግን ይቻላል። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ እንደነበረ ሁሉ የመመገቢያዋ ጠረጴዛም ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የደብተር ትሁን። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ እንግዳም ቢመጣ ቡናው በደጅ ይሁን። ለትንንሾቹ ይህ ይበቃል። ለፈተና የሚዘጋጁት ትልልቆቹ ግን አይበቃቸውም። አንዳንዶቹ ቤተሰቡ ሳይነሣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ያነባሉ፤ ትጋታቸውን ባደንቅም በዚያ ዕድሜ እንቅልፍ ራሱ ለትምህርት እንደሚያስፈልግ ወላጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ይህም አይሆንላቸውም።

ስለዚህ ለወላጆች ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኮንዶሚኒየሙ ስቱዲዮ ያለ ኮሚናሉ እንደጠበበ ሁሉ የተማሪዎቻችን ክፍልም የሚጎድለው ደጅ ነው፤ ለእነርሱ የቅርቡ ደጅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው። ከትምህርት መልስ የመማሪያ ክፍሎች ባዶአቸውን ይውላሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ቢያንስ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እስከ ምሽት ክፍት ቢሆን ወጪው የመብራትና የአንድ ጠባቂ ሰው ነው። ወላጆች በሳምንት አንድ አንድ ቀን ተራ ቢገቡ የጠባቂውም ወጪ ይቀራል። ሴቶች ልጆች ሲመሽ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ወደየሰፈራቸው በቡድን የሚመልሳቸው ሰው መኖር አለበት፤ ይህ ካልተዘጋጀ ክፍሉ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ

አንደኛ፤ የምትኖሩበትን ክፍል በሜትር ለክታችሁ በካሬ ወረቀት ላይ ሣሉት፤ ለአንድ ሜትር አራት ካሬ ስጡ። ዕቃውን ሁሉ በየቦታው አስገቡና የቀረውን ወለል ለቤተሰባችሁ ቁጥር አካፍሉ።

ሁለተኛ፤ በሌላ ቀለም ደጁን ጨምሩ፤ ሆሹን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ ከቤታችሁ ውጭ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ሁሉ። እያንዳንዱ በስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነና ፈቃዱ የማን እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ።

ሦስተኛ፤ ከወላጆቻችሁ ወይም በአገር ቤት ካሉት ዘመዶቻችሁ አንዱ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከሆነ ስቱዲዮ ወይስ ባለ መኝታ እንደመረጠ ጠይቁት። ለምን እንደመረጠ ሲነግራችሁ ሳታቋርጡ አድምጡና በራሱ ቃል ጻፉት።